መዥገር የሚያስተላልፈው ቫይረስ ከየት መጣ?

"ዶክተር፣ እነዚህ አዳዲስ ቫይረሶች ከየት ነው የሚመጡት?" ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ዛሬ በአንድ ቫይረስ ላስረዳችሁ። የክራይሚያ-ኮንጎ ሄመሬጂክ ፊቨር ይባላል። መድማት የሚያስከትል ከባድ ትኩሳት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ከታማሚዎቹ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። በ1944 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጦርነቱ ምክንያት ሰው ጥሎት በሄደው የክራይሚያ የእርሻ መሬት ላይ ጥንቸል በዝቶ፣ ከጥንቸሉ ጋር መዥገሩም በዝቶ ነበር። ለመኸር ሥራ የገቡ 200 ገደማ የሶቪየት ወታደሮች ታመሙ። በ1956 ደግሞ ኮንጎ ውስጥ ከታማሚ ደም ቫይረስ ተገኘ። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1969 ነው።

ታዲያ ቫይረሱ በ1944 ተፈጠረ? አይደለም! እሱ ድሮም እዚያው መዥገሩ ውስጥ ነበር፤ አዲስ የገባነው እኛ ነን። በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች 70 ዓይነት ነፍሳትን፣ ሸረሪቶችንና መዥገሮችን የመሳሰሉ ፍጥረታትን መርምረው 112 አዳዲስ ቫይረሶች አገኙ። በሰውና በእንስሳት ላይ በሽታ የሚያመጡ ብዙ ቫይረሶች የዘር ሐረጋቸው ወደነዚህ ፍጥረታት እንደሚመዘዝ ያሳየ ጥናት ነው።

መዥገር ለቫይረስ የተመቸ ቤት ነው። አንዴ ከተያዘ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል፤ እናቲቱ በእንቁላሏ ለልጆቿ ልታወርስ ትችላለች። ከብትና በግ ቫይረሱ ለአንድ ሳምንት ያህል ደማቸው ውስጥ ቢዞርም አያማቸውም። ስለዚህ በዓይን አይታችሁ "ይሄ በሬ ጤነኛ ነው" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ክፉኛ የሚታመመው ሰው ነው።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። የዚህ ቫይረስ ዘረመል ሦስት ቁራጭ ነው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ መዥገር ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቻቸውን ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ልክ ሁለት ካርታ አብራችሁ ስትበውዙ እንደሚሆነው። በዚህ ላይ ተሰዳጅ ወፎች መዥገሩን ከአህጉር አህጉር ይዘውት ይበራሉ። በ2016 ስፔን ውስጥ በሰው ላይ የተገኘው ቫይረስ ዘመዶቹ ያሉት አፍሪካ ውስጥ ነው።

እኛስ? ይህን ቫይረስ በዋናነት የሚያስተላልፈው ሂያሎማ የተባለ የመዥገር ዓይነት ሲሆን፣ በአገራችን ከብቶችና ግመሎች ላይም አለ። "እኔ የከተማ ሰው ነኝ" የምትሉ፣ የበዓል በግ ጊቢ ውስጥ የሚያርደው ማነው? ቅርጫ የምትገቡስ? ገልፍ አገር ከብት የምትጠብቁ ወይም በእርድ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖችም ይመለከታችኋል። ቫይረሱ በንክሻ ብቻ ሳይሆን በትኩስ ደምም ይተላለፋል። ስታርዱም ስትገፉም ጓንት አድርጉ፤ በተለይ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ። (ስለ ጥሬ ሥጋ ሌላ ቀን እንጣላለን!)

መዥገር ሰውነታችሁ ላይ ካገኛችሁ በጣት አትጨፍልቁት፤ ቅቤም ጋዝም አትቀቡት። በወረንጦ ከቆዳችሁ አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡት፤ ከዚያ ቦታውን በሳሙና ታጠቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የወገብና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን በራሳችሁ አትውሰዱ፤ መድማትን ያባብሳሉ። ለሐኪሙም መዥገር እንደነከሳችሁ ወይም ከብት እንዳረዳችሁ ሳትጠየቁ ንገሩት።