ወንፈልና ደቦ፤ ስለ ትምህርት ቤቶች በጀት የተደረገ ምልልስ

በሰኔ ወር መጨረሻ፣ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በቆሎውን ለመኮትኮት ሲጣደፍ፣ በቡሬ ዙሪያም የበርበሬ ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ወደ ማሳ በሚዛወርበት ሰሞን፣ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር የሆነ አንድ ወጣት፣ ሐምሌ 1 ቀን ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ለወረዳው የሚያቀርበውን ማመልከቻ በብብቱ ሸጉጦ፣ በልጅነታቸው በዋሸራ ቅኔ ተምረው፣ በጎልማሳነታቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛና ግብረ ገብ አስተምረው፣ ዛሬ በጡረታ ወደሚኖሩ ሽማግሌ ቤት ሄደ። ሽማግሌውም ከበረንዳቸው ተቀምጠው ዝናቡን ይመለከቱ ነበርና ማመልከቻውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አስነበቡት። ጽሑፉ ረጅም ቢሆንም ልመናው አንድ ነበር፤ ይኸውም የወረዳው ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ እኩል ይከፈል የሚል ነው። ከዚህ በኋላ በሁለቱ መካከል የተደረገው ምልልስ እንደሚከተለው ነው።

የኔታ፦ ንባቡ መልካም ነው፤ ትርጓሜው ግን ይቀረዋል። «እኩል» ያልኸውን ቃል እስቲ ተርጉምልኝ።

ወጣቱ፦ እኩል ምን ትርጓሜ ያሻዋል፣ የኔታ? ለአንዱ መቶ ብር ከተሰጠ ለሌላውም መቶ ብር መስጠት ነው።

የኔታ፦ ይህ አንዱ ነው፤ አንድም አለው። አባትህ በሬ ጠምዶ ከጎረቤቱ ጋር ወንፈል ሲገባ፣ ዛሬ ለጎረቤቱ አንድ ቀን ቢያርስ ነገ ጎረቤቱ ለእርሱ አንድ ቀን ያርስለታል፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል፤ ይህ ዕሩይ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። ነገር ግን ባሏ የሞተባት፣ በሬዋም የወደቀባት ሴት ማሳዋ ጦም ሊያድር ሲል መንደሩ ደቦ ይወጣላታል እንጂ «አንቺም በፋንታሽ አንድ ቀን ታርሽልናለሽ» የሚላት የለም። ለእርሷ ከሌላው የበለጠ ቀን ቢሰጣት አድልዎ ነው ትላለህን?

ወጣቱ፦ አልልም። ማሳዋ ጦም ካደረ የሚራበው ልጇ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያውስ እኩልነት በሚሰጠው ቀን ቁጥር ሳይሆን በሚታጨደው እህል ይታይ። ማመልከቻህ የወንፈል ማመልከቻ ነው፤ የትምህርት ገንዘብ ግን ደቦ ይሆን ዘንድ ይገባዋል።

ወጣቱ፦ ምሳሌው ገባኝ፤ ነገር ግን ሀገር በደቦ ተዳድሮ ያውቃልን?

የኔታ፦ በወንፈልም ተዳድሮ እንደ ነበረ አስቀድሜ ልንገርህ። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ያውም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት እንዲውል ተወሰነ። አሳቡ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ የጎጃም ገበሬ የከፈለው ለጎጃም ልጅ፣ የከፋ ገበሬ የከፈለው ለከፋ ልጅ ይሆናልና። ዳሩ ግን መሬቱ የለማለት፣ ንግዱ የሰፋለት፣ ግብሩም በወጉ የሚሰበሰብለት አገር ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ላይ ሲጨምር፣ ግብሩ ቀጭን የሆነበት አገር ባለበት ቀረ። ከዚህም የተነሣ በዘመኑ ሸዋ ከአዲስ አበባ ጋር፣ ኤርትራም ከተዋሐደች በኋላ፣ በተማሪ ብዛት ፊት ሲሄዱ እኛ፣ ወሎና በጌምድርም ከኋላ እንከተል ነበር። ልጁ በተወለደበት አፈር ልክ እንዲማር ተፈረደበት ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ይህ የእኛ ብቻ ዕድል ነውን?

የኔታ፦ አይደለም። ባለጸጋይቱ አሜሪካ እንኳ ትምህርት ቤቶቿን በአብዛኛው በየአካባቢው በሚሰበሰብ የቤትና የመሬት ግብር ስታስተዳድር ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የልጅ ትምህርት በሰፈሩ ሀብት መለካቱ ከሕግ እኩልነት ጋር እንደማይስማማ ፈረደ። እንግዲህ ነገሩ የድኻ አገር ነውር ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ከምንጩ ርቆ እንዳይፈስ የሚከለክል ሥርዓት ባለበት ሁሉ የሚበቅል አረም ነው።

ወጣቱ፦ የጎጃም ሕዝብ ግን ግብርን ሲቃወም ኖረ ይባላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲመጣ መሣሪያ አንሥቶ የለምን? የማይከፍል ሕዝብ ስለ ድልድል ፍትሕ ምን አፍ አለው?

የኔታ፦ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። የጎጃም ባለርስት ቀላድ በርስቱ ላይ እንዲወድቅ አልፈቀደም፤ ቀላዱን መለኪያ ሳይሆን የመንጠቂያ ገመድ አድርጎ ያየው ነበርና። በ1960 ዓ.ም. የመጣው ግብርም የየገበሬውን ምርት በገማች ዓይን የሚያስገምት ስለ ነበረ፣ ገማቹ በምን ሚዛን እንደሚመዝን ሕዝቡ አላየም፤ ሚዛኑን ያላየ ሰው ደግሞ ክብደቱን አያምንም። ጦር ዘመተ፣ ደም ፈሰሰ፣ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ የኋላ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ የግብሩን ውዝፍ ማሩ። ከዚያ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፦ ሕዝብ ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ካላየ፣ ርቱዕ የሆነው ቀመር እንኳ ዘረፋ ይመስለዋል።

ወጣቱ፦ የዛሬው ሥርዓትስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 62 ደግሞ ለክልሎች የሚሰጠውን የድጎማ ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ከ1995 የበጀት ዓመት ወዲህም ክልላችን ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ በቀመር ያከፋፍላል። ይህ የእርስዎ ደቦ አይደለምን?

የኔታ፦ እስከ ወረዳው በር ድረስ ደቦ ነው፤ ቀመሩ የሕዝብ ብዛትን ብቻ ሳይሆን የልማት ደረጃንም ለማየት ይሞክራልና። ከወረዳው በር ወዲህ ግን ወዴት ይሄዳል? አንተ በየቀኑ የምታየውን ንገረኝ።

ወጣቱ፦ አብዛኛው ደመወዝ ነው፣ የኔታ። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጠመኔ ለመግዛት አይበቃም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰጥ የትምህርት ቤት ድጎማ መጥቶልን ነበር፤ እርሱም ቢሆን መጽሐፍ መደርደሪያና ወንበር ለማስጠገን ጥቂት አሳርፎናል።

የኔታ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ሰምና ወርቁን ለይ። ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ አንዱ በአስፋልቱ ዳር ቡሬ፣ አንዱ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ። የሁለቱም ተማሪ ቁጥር አንድ፣ የመምህራኑም ቁጥር አንድ ይሁን። ሃያ ዓመት ያገለገለው መምህር ወዴት ይኖራል?

ወጣቱ፦ በከተማው ነዋ። ቆላ የተመደበው አዲስ ምሩቅ ነው፤ እርሱም ዝውውር እስኪያገኝ ቀን ይቆጥራል።

የኔታ፦ የነባሩ መምህር ደመወዝ ከአዲሱ ይበልጣልና፣ መዝገቡ «ለሁለቱም አሥር አሥር መምህር» ሲል ሰሙ እኩልነት ነው፤ ወርቁ ግን የመንግሥት ገንዘብ በየወሩ ከቆላው ልጅ ይልቅ ለከተማው ልጅ አብልጦ መፍሰሱ ነው። ማንም አላዳላም፣ ማንም አልሰረቀም፤ አድልዎው በዝምታ በደመወዝ ሉህ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሳታሻሽል ጠመኔውን እኩል ብታካፍል ጥላውን ይዘህ ዛፉን ለቀቅህ ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ነባሩን መምህር በግድ ወደ ቆላ እንስደደው?

የኔታ፦ በግድ የሄደ መምህር ልቡን ጥሎ ይሄዳል። የበረሃ አበል፣ የመምህር መኖሪያ ቤት፣ ከተወሰነ ዘመን በኋላም የማይታጠፍ የዝውውር መብት ይሰጠው፤ ይህ ወጪ በቀመሩ ውስጥ ስም ተሰጥቶት ይግባ እንጂ በኃላፊው ቸርነት አይንጠልጠል።

ወጣቱ፦ በተማሪ ቁጥር የሚሰጠው ድጎማስ? እርሱ ፍትሐዊ ይመስለኝ ነበር።

የኔታ፦ ከሌለው የሚሻል ነው፤ ግን እርሱም ይመረመራል። ሺህ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤትና መቶ ሃምሳ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በነፍስ ወከፍ አንድ ዓይነት ብር ብትሰጥ፣ ጣሪያው ግን በሁለቱም ያፈስሳል፣ መዝገቡ በሁለቱም ይገዛል፣ ጥበቃውም በሁለቱም ያድራል። ስለዚህ አስቀድሞ ለማንኛውም ትምህርት ቤት የማይነካ መሠረት ይቀመጥ፤ በመሠረቱ ላይ የነፍስ ወከፉ ይደረብ፤ በነፍስ ወከፉም ላይ ለአካል ጉዳተኛው፣ ከመንገድ ለራቀው፣ ቤተ ሰቡ ለተቸገረው ልጅ ክብደት ይጨመር። ሦስት ድርብ ነው፤ አንዱ ቢጎድል ግንቡ ያዘነብላል።

ወጣቱ፦ ወላጆች በሚያዋጡት እንሞላዋለን የሚሉ አሉ። እውነትም የወላጅ መምህር ኅብረታችን ባያስተባብር ኖሮ ሁለት ክፍል ዛሬም ዳስ በሆነ ነበር።

የኔታ፦ የሕዝብ መዋጮ ክቡር ነው፤ እኔም ግድግዳ በጭቃ መርጌ አስተምሬበታለሁ። ነገር ግን የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ የሚያዋጣውና በደጋ ዳሞት አፈሩ የታጠበበት ገበሬ የሚያዋጣው አንድ አይደለም። መንግሥት «አስቀድሞ ላዋጣ እጨምራለሁ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሽልማቱ ለትጋት የተሰጠ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የተሰጠው ለሀብት ነው። መዋጮ ጌጥ ይሁን፤ ምሰሶ ግን አይሁን።

ወጣቱ፦ የኔታ፣ አንድ ነገር ልድፈርና ልጠይቅዎ። እርስዎ የተማሩበት የአብነት ትምህርት ቤት በጀትም ቀመርም አልነበረውም፤ ግን ከእርሱ ሊቃውንት ወጥተዋል። እንግዲያው ነገሩ ሁሉ በገንዘብ ነውን?

የኔታ፦ (ፈገግ ብለው) በጀት አልነበረውም ያለህ ማነው? ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንጠልጥዬ፣ ስለ እመቤታችን ስም ብዬ በየደጁ ስቆም፣ ቁራሽ የሰጡኝ የዋሸራ አካባቢ ሴቶች አገሬን እንኳ አያውቁትም ነበር። ከወሎ የመጣውም፣ ከትግሬ የመጣውም ጓደኛዬ ከዚያው ደጅ በልቷል። መምህሩንም የያዘው የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። እንግዲህ ተመልከት፤ የተማሪው እንጀራ በተማሪው አባት ማሳ አልተለካም፤ የእህል አገር የጠፍ አገርን ልጅ አስተማረ። የነገርሁህ ደቦ ይህ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ወደዚያ እንመለስ?

የኔታ፦ አንመለስም! ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ እስከ ዛሬ ባቴ ላይ አለ፤ በረሃብና በተስቦ ከመንገድ የቀረውን ተማሪ ማን ቆጠረው? እኅቴም ከእኔ ይልቅ ቀለም የምትቀበል ሳለች እንስራ ተሸክማ ቀረች፤ ያ ሥርዓት ለእርሷ ደጅ አልነበረውም። ጽድቁ በፈቃድ ስለ ነበረ ለጥቂቶች ብቻ ደረሰ። የመንግሥት ሥራ ያንን ምጽዋት ወደ ሕግ መለወጥ ነው፤ ልጁ ሳይለምን፣ ውሻም ሳይነክሰው፣ ሴትም ሳትቀር እንዲደርሰው።

ወጣቱ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የእኛም ተማሪ ቁጥር ተመናምኗል። ድጎማው በተገኘው ተማሪ ልክ ከተሰላ ዘንድሮ የሚደርሰን እጅግ ጥቂት ነው።

የኔታ፦ (ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ) እንግዲህ የማመልከቻህ ራስ እርሱ ነበር፤ አንተ ግን አልጻፍኸውም። የታመመ ሰው ክብደቱ ቀነሰ ተብሎ ምግቡ አይቀነስም። ልጅ በሸሸበት፣ መምህር በተበተነበት፣ ወንበር በተሰበረበት ዓመት ገንዘቡን በተገኘው ራስ ብታሰላ፣ ቀመሩ ራሱ የትምህርት ቤቱን በር በውጭ በኩል ይቀረቅረዋል። ሰላም ሲመለስ ልጁ የሚመለስበት እንዲኖር፣ ከመከራው በፊት የነበረው ቁጥር ለተወሰነ ዘመን መሠረት ሆኖ ይጠበቅ፤ ለመልሶ ማቋቋሚያም ለብቻው ይመደብ።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ ብጽፍ ወረዳው «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ይለኛል።

የኔታ፦ እውነቱን ነው፤ ወረዳው የሌለውን አይሰጥም። ስለዚህ ማመልከቻህ ሁለት ክፍል ይኑረው። ወረዳው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለውን፣ ማለት የሥራ ማስኬጃውን ድልድልና የመምህራኑን ምደባ፣ ለወረዳው ጻፍ፤ የአበሉንና የመልሶ ማቋቋሚያውን ነገር ግን ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑም ለክልሉ እንዲያሳልፈው ለምን። የተመደበልህንም ገንዘብ በሰሌዳ ላይ ለጥፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ወላጅም በስብሰባ አንብብለት። በ1960 ዓ.ም. የጎደለው ያ ነበርና፣ ሚዛኑ ይታይ።

ወጣቱ፦ ከየት ልጀምር?

የኔታ፦ ከመዝገብህ ጀምር። በመዝገብህ ያሉትን ቆጥረሃል፤ በመዝገብህ የሌሉትን ግን ቁጠር። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ከትምህርት ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚርቁ፣ ስለ ምን እንደ ቀሩ ጻፍ። ያን ጊዜ «እኩል» የሚለውን ቃል ራስህ ትሰርዘዋለህ።

ወጣቱም ማመልከቻውን አጥፎ ወደ ብብቱ መለሰና ተሰናበተ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከላህ ወንዝ ማዶ በመስኩ ላይ ልጆች ከብት ያግዱ ነበርና፣ መንገዱን ትቶ ወደ እነርሱ ወረደ፤ ከማመልከቻው ጀርባ ላይም የመጀመሪያዪቱን ልጅ ስም ጠይቆ ጻፈ።