አናጢ ስንመርጥ

የሣር ክዳናችንን በቆርቆሮ የምንለውጠው የዓመት እህላችንን ሸጠን ነው። ስለዚህ ዋጋ ቀነሰልን ብለን ብቻ አናጢ አንቅጠር።

በመጀመሪያ፣ ክረምት ያለፈበትን ሥራውን ሄደን እንይ። ምስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው ወይስ ውሃ በሚወርድበት ቦይ? ቦዩ ላይ ከተመታ ዝናብ ያስገባል፤ የጣሪያው እንጨትም ይበሰብሳል። የቤቱን ባለቤት፣ «በቀጠሮው ቀን ጨረሰልህ ወይ? ዕቃስ አላባከነብህም?» ብለን እንጠይቅ።

ቀጥሎ ውል እንጻፍ። የቆርቆሮው ብዛት፣ የእጁ ዋጋና ሥራው የሚያልቅበት ቀን በውሉ ይግባ። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ገንዘቡን ባንዴ አንስጥ፤ ሲሶውን ሥራው አልቆ ካየን በኋላ እንክፈል።

ፊደል ቆጥረናልና ከመፈረማችን በፊት ውሉን ራሳችን እናንብበው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።