የክፍያ መልእክት በገበያ ቦታ፦ የተጠቃሚ ተሞክሮ ጥናት ከሄርማታ አንጻር

ሄርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት የጅማ ታላቅ ገበያ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ለሻጭ የክፍያ ማረጋገጫው የተቆጠረ ብር ብቻ መሆኑ ቀርቶ በስልክ የሚደርስ አጭር ጽሑፍም ሆኗል። ስለዚህ የጽሑፉ ግልጽነት የሻጩ ዋስትና ነው።

በሶፍትዌር ድርጅት የሚሠራ የተጠቃሚ ተሞክሮ አጥኚ ሦስት ጉዳዮችን ማጤን ይኖርበታል። አንደኛው የቦታ ጥበት ነው። አንድ የዩኤስኤስዲ ገጽ በላቲን ፊደል እስከ 182፣ በግእዝ ፊደል ግን 80 ያህል ምልክቶችን ብቻ ይይዛል። የግእዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ቃሉን ቢያሳጥርም ልዩነቱን ሁልጊዜ አያካክስም፤ በቁቤ በአንድ ገጽ ያለቀው ሐሳብ በአማርኛ ሊቆራረጥ ይችላል። ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ «14:30» ተብሎ የተመዘገበው ክፍያ ለሻጩ ከቀኑ 8:30 የተፈጸመ ነው።

ሦስተኛው የአጠያየቅ ስልት ነው። «አገልግሎቱ ቀላል ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ለእንግዳ ክብር ሲል «አዎ» ሊል ይችላል። «ገንዘቡ መግባቱን በምን አወቁ?» ብሎ መጠየቅና ንባቡን መከታተል ግን የተሻለ ማስረጃ ያስገኛል። መልእክቱን በሌላ ሰው አስነብቦ ዕቃውን የሚያስረክብ ሻጭ ያመነው አንባቢውን እንጂ ጽሑፉን አይደለምና፣ ንድፉም ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው።