ቀይ ቀበሮና የደጅ ውሻ

ወጣት፦ አባቴ፣ እኛ ከጓሳ ግርጌ የሰፈርን የመንዝ ሰዎች በግና ዶሮ አርብተን፣ ውሻም አኑረን ስንኖር፣ ቀይ ቀበሮው እስከ ማሳችን ዳር ድረስ መመላለስ ጀምሯል፤ ትናንትም ግልገል ጠፍቶብኛል። ከእንዲህ ያለ አውሬ ጋር ጉርብትና እንዴት ይሆናል?

ሽማግሌ፦ ልጄ፣ ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቀድማል። ግልገሉ የጠፋው መቼ ነው?

ወጣት፦ በእኩለ ሌሊት።

ሽማግሌ፦ እንግዲያስ ክሱን አንሣ። ቀይ ቀበሮ አብዛኛውን ጊዜ በቀን፣ ብቻውን እየተዘዋወረ አይጥና ፍልፈል የሚያድን ፍጥረት ስለ ሆነ፣ በጽልመት በረት ሰብሮ የሚገባውን ከጅብና ከተራው ቀበሮ ዘንድ ፈልገው። ግልገል ከቶ አይነካም ብዬ አልምልለትም፤ ነገር ግን በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሲመላለስ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ሳይሸሹ ሣራቸውን ሲነጩ ያየ ሰው፣ ምኞቱ በሣሩ ውስጥ ያለችው አይጥ መሆኗን ይረዳል። በዚሁ በጓሳ የተከታተሉት ተመራማሪዎች እንደ መዘገቡት፣ ከመንጋው ውጭ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሠምርለት፣ በጭላዳዎቹ መካከል ግን ከሦስት ሁለቱ ይሠምርለታል። ያለ ደመወዝ የሚያገለግልህን ዘበኛ ነው እንግዲህ የምትከስሰው።

ወጣት፦ ታዲያ እሱን ራሱን የሚያጠፋው ማነው?

ሽማግሌ፦ የአንተ ውሻ ነዋ! አትቆጣ፣ ስማኝ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቢቆጠር 500 የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ፣ በወይብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ።

ወጣት፦ ውሻዬን ላስወግደው ማለት ነው?

ሽማግሌ፦ ማን አለህ? አስከትበው እንጂ፤ ክትባቱንም በየጊዜው አሳድስለት፤ ከብት ስታሰማራ ጓሳ ድረስ አታስከትለው፤ የሞተ ከብት ቅበር፤ ዶሮህንም በጊዜ ዝጋ። ለቀበሮውም አዘንኩለት ብለህ ፍርፋሪ አትጣልለት፤ ሰው ደጅ የለመደ አውሬ ከውሻ ጋር መገናኘቱ አይቀርምና።

ወጣት፦ ውሻው ሰው ቢነክስስ?

ሽማግሌ፦ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠበው፤ ሰውዬውንም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሰው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።