የአትክልት ገበታ ጉልበት እንዲሰጥ ማድረግ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ

በቆጋ፣ በፎገራና በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ የምናመርታቸው ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ካሮት ገበታችንን አሻሽለውልናል። ሆኖም የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚውለው የመስኖ ሥራ በሚበረታበት ወቅት ነው። ሆድ ሞልቶ ጉልበት የሚከዳውም ያኔ ነው። ምክንያቱ አትክልት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ መሆኑ ነው። 100 ግራም ጥቅል ጎመን 25 ካሎሪ ገደማ ኃይል ሲሰጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ መፍትሔው ጎመኑን መተው ሳይሆን ቅባትና ጥራጥሬ መጨመር ነው። ቅባቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰውነት ከካሮትና ከጎመን ቫይታሚን ኤ በሚገባ የሚያገኘው ምግቡ ቅባት ሲኖረው ነው።

ከቤት የማይጠፋ የቅባት እህል

ብዙ ጊዜ ኑጉ በሙሉ ለገበያ ወጥቶ በገንዘቡ የሚረጋ ዘይት ይገዛል። ይህ ለጤና የሚያዋጣ ልውውጥ አይደለም፤ በሚረጋ ዘይት ውስጥ ለልብና ለደም ሥር የማይስማማ ቅባት ይበዛል። ኑግ ደግሞ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጥሩ ዘይት ነው። ለዓመት ቀለብ የሚሆነው አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ።

ኑግ፣ ተልባ ወይም ሱፍ በለሆሳስ ይታመሳል፤ ካረረ ይመራል። ከዚያ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ለፍትፍት ይሆናል፤ ዱቄቱን በተቀቀለ ጎመን ወይም ድንች ላይ መጨመርም ይቻላል። ተልባ ሳይፈጭ ከተበላ አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣልና ይፈጭ። የተፈጨው ቶሎ ስለሚበላሽ የጥቂት ቀን ብቻ ይዘጋጅ። ለውዝም ጥሩ ነው፤ ሻጋታ የነካው ግን ይጣል፤ መርዙ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አቮካዶ የተከላችሁም ሁሉን አትሽጡት።

ሕፃናትና እናቶች

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አያሳድገውም። ከ6 ወር በኋላ ከጡት ወተት ጋር የሚሰጠው ገንፎ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም በደንብ የላመ የለውዝ ዱቄት ይጨመርበት።

ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። አንዳንድ እናቶች ግን ዕቃው እንዳይነካካ በመስጋት በጾም ወቅት ለልጁ እንቁላልና ወተት መስጠት ያቆማሉ። ለልጁ ብቻ የሚሆን አንድ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል። ይህንን አባወራዎችም ልትደግፉት ይገባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የንስሐ አባቷንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ታማክር፤ ከጥራጥሬና ከቅባት እህል የተዘጋጀ ተጨማሪ ምግብም በየቀኑ ያስፈልጋታል።

ጓያና ግብጦ

ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ያለ ስጋት ይበላሉ። ጓያ ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ጎድቷል። ጉዳቱ አይድንም። በችግር ጊዜ እንኳ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ በጥቂቱ ይበላ እንጂ ብቻውን አይዘውተር። ግብጦ ገንቢ ቢሆንም መራራው መርዝ ነው፤ ከተቀቀለ በኋላ ምሬቱ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው እየተቀየረ ለቀናት ይዘፍዘፍ።

የተግባር ልምምድ

በሁለት ሳህን ቀጭን አጥሚትና ወፍራም ገንፎ አዘጋጁ። ማንኪያውን አዘንብሉና የትኛው እንደሚፈስ ለቡድናችሁ እናቶችና አባቶች አሳዩ። በወፍራሙ ላይ ዘይቱን ጨምራችሁ ልጆቹ እንዲቀምሱት አድርጉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከእያንዳንዱ ቤት ስንት ጣሳ ኑግ ለቀለብ እንደቀረ መዝግባችሁ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ አቅርቡ።