ድንጋይ መስሎ የሚተኛው አሣ



የዛሬው ጽሑፌ ስለ አሣ ነው። አሣ ስል ግን ቆሮሶና አምባዛን፣ ከባቱና ከጫሞ መጥቶ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰውን ማለቴ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በኮራል ድንጋዮች መካከል ራሱን ሰውሮ የሚኖረውን ማለቴ ነው። «እኛ ባሕር የለን፤ ይህ ወሬ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ የምኖረውም ባዮሎጂ የማስተምረውም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከጎናችን ከለቡ የሚነሳው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፣ ልጆቿ ግን ከባሕሩ አልራቁም። በሠፈራችን አንድ ሰው ጅዳ ያልላከ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረውና ጀልባው ዳር ሳይደርስ ውሃ ውስጥ ወርዶ በእግሩ የሚራመደውም ቀላል ቁጥር የለውም። ጥንትም ቢሆን ሰሃቦች ወደ ነጃሺ አገር የመጡት ይህንኑ ባሕር ተሻግረው ነው።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ የአንዲት ጎረቤቴ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ ልጄ ከጅዳ ደውላ ነበር። የዒድ ዕለት ከጓደኞቿ ጋር ባሕር ዳር ሄደው አንዷ ድንጋይ ረግጣ እግሯ አብጦ ሌሊቱን ስትጮኽ አደረች ትላለች። በረዶ ቢያደርጉላትም አልተሻላትም። ድንጋይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ይናደፋል?» አሉኝ። ልጅቷ ምን እንደረገጠች እኔ በዓይኔ አላየሁም። ነገር ግን በዚያ ባሕር ድንጋይ መስሎ የሚናደፍ ፍጡር መኖሩ የታወቀ ነው። ስሙም የድንጋይ አሣ ይባላል።

ርዝመቱ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ይህ አሣ እንደሌሎቹ አሣዎች ሲዋኝ ብዙም አይታይም። ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ በሚራመድበት ሥፍራ ጭምር፣ በግማሽ ጎኑ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። ቆዳው ኪንታሮት የወጣበት ይመስላል፤ ቅርፊት የለውም። አልጌ የተባለው የባሕር ሽበት ሳይቀር ይበቅልበታል። ትንሽ አሣ ድንጋይ ነው ብላ በአጠገቡ ስታልፍ አፉን ከፍቶ ይስባታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይናችን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በጀርባው ላይ 13 እሾሆች አሉት። በእያንዳንዱ እሾህ ግራና ቀኝ የመርዝ ከረጢት ተጣብቋል። ልብ በሉ፤ ይህ አሣ ሰውን አባሮ አይነድፍም። እሾሁን ያዘጋጀው ለጠላቱ መከላከያ ነው። ሰው ሲረግጠው የሰውየው ክብደት ከረጢቱን ይጨምቀዋል፤ መርዙም በእሾሁ ላይ ባለው ቦይ ሽቅብ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በሌላ አነጋገር መርፌውን የሚወጋው ተወጊው ራሱ ነው! ሕመሙ እጅግ ብርቱ ነው፤ እብጠቱም ወደ ላይ ይዛመታል። አንዳንዱን ልቡንና አተነፋፈሱን እስከማወክ ይደርሳል።

አሁን ወደ በረዶው እንመለስ። የዚህ አሣ መርዝ የተሠራው ከፕሮቲን ነው። እንቁላል ሲቀቀል ባሕርዩ እንደሚለወጥ ሁሉ ይህም መርዝ ሙቀት ያዳክመዋል። በመሆኑም የሚመከረው የቀዘቀዘ ነገር ሳይሆን ሙቅ ውሃ ነው። የተወጋው እግር 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሞቀ፣ ሰው ሊታገሠው በሚችል ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከራል። ውሃውን ግን አስቀድሞ በደህናው እግር ወይም በሌላ ሰው እጅ መለካት ያስፈልጋል። ሕመም ላይ ያለ እግር ግለቱን በትክክል ስለማይለይ በመርዙ ላይ ቃጠሎ ሊጨመርበት ይችላል። እግርን በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ጥቅም የላቸውም፤ ጉዳት ግን አላቸው። ሙቅ ውሃውም ቢሆን ሐኪም ቤትን አይተካም። እሾህ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል፤ ቴታነስም አለ። የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በአውስትራሊያ ይዘጋጃል።

የድንጋይ አሣ የዘመዶቹ ብዛት ያስገርማል። ሐሰተኛው የድንጋይ አሣ የሚሉት የጊንጥ አሣ ወገን በቀይ ባሕር አለ። እርሱም እሾሃም ነው። ከላይ ሲታይ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ሲደነግጥ ግን የጎን ክንፉን ገልብጦ በውስጥ በኩል የደበቀውን ብርቱካንማ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ብልጭ ያደርጋል። የአዞ አሣ የሚባለው ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ አሸዋ ላይ ይተኛል። የዓይን ክብነት ከሁሉ በፊት ስለሚያስነቃ፣ በዓይኑ ላይ እንደ መጋረጃ ዘርፍ የተንጠለጠለ ቆዳ አለው። እንዲህ ያለውን ነገር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከመጽሐፉ ይልቅ በዚህ ይስቃሉ፤ በዚህም ያስታውሳሉ።

እንቁራሪት አሣ ከሁሉ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ከግንባሩ በላይ የዓሣ አጥማጅ ዘንግ የመሰለ ቀጭን እሾህ ተተክሏል፤ ጫፉ ላይም ትል የሚመስል ሥጋ አለ። ያንን እያወዛወዘ የራበውን አሣ ይጠራል። ቀለሙንም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በዙሪያው እንዳለው ስፖንጅ ይለውጣል። በመለወጥ ፍጥነት ግን ጠፍጣፋው አሣ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት የዚህ ወገን የሆነ አንድ አሣ በቼዝ ሰሌዳ መሳይ ወለል ላይ ቢያኖሩት ከ2 እስከ 8 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የቆዳውን ጥለት ከወለሉ ጋር አመሳስሎ ተገኝቷል። ይህ ጠፍጣፋ አሣ ሲፈለፈል እንደማንኛውም አሣ በግራና በቀኝ ዓይን አለው። እያደገ ሲሄድ አንደኛው ዓይን ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገርና ሁለቱም በአንድ ወገን ይሆናሉ።

ዐረቦች ጠፍጣፋውን አሣ «ሰመክ ሙሳ» ይሉታል። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ባሕሩን ሲከፍሉ መሐል ላይ የነበረው አሣ ለሁለት ተሰነጠቀ የሚል ተረት ስላላቸው ነው። ባሕሩ መከፈሉ በቁርኣን የተነገረ ነው፤ የአሣው ነገር ግን የሕዝብ ወግ ነውና ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። አሣው በራሱ ይበቃል። በቀይ ባሕር የሚኖረው አንደኛው ዓይነት ከክንፎቹ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያመነጫል። ዩጂኒ ክላርክ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት ይህን አሣ ሊበላ አፉን የከፈተ ሻርክ ፈሳሹ ሲነካው መንጋጋውን መግጠም ያቅተዋል።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የቀይ ባሕርን አሣዎች ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፒተር ፎርስኮል፣ በዴንማርክ ንጉሥ ከተላኩት ተጓዦች አንዱ ሆኖ ጅዳና የመን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። መጽሐፉን ከጉዞው ብቻውን በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ፎርስኮል ዐረብኛ ያውቅ ስለነበር ብዙዎቹን አሣዎች የጠራቸው ዓሣ አጥማጆቹ በሚጠሯቸው ስም ነው። ስለዚህ አቡደፍዱፍ፣ ሶሃል፣ ቦሃር፣ ሐሪድ የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ በዓለም ሳይንስ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። የአጥማጆቹ የግል ስም ግን ከነዚህ ቃላት ጋር አልተመዘገበም። ለእኔ ይህ ያሳዝነኛል። ዕውቀቱ ግማሹ የእነርሱ ነበርና።

ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለሚሄዱ ልጆቻችን ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይሰጣል፤ ስለ ምድጃ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይማራሉ። በእኔ አስተያየት ስለ ባሕሩም አሥር ደቂቃ ሊጨመርበት ይገባል። ባዶ እግር አለመግባት፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ማድረግ፣ በአሸዋ ላይ እግርን እያነሱ ከመጣል ይልቅ እየጎተቱ መሄድ፣ የቆመ ድንጋይ የመሰለን ነገር በእጅ አለመንካት፤ ይኸው ነው። ጫማውም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ የዚህ አሣ እሾህ ስስ ሶል ይበሳል። አደጋ ቢደርስ በሳዑዲ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው። አምቡላንሱ እስኪመጣ በአቅራቢያ ካለ ቤት ወይም ሻይ ቤት ሙቅ ውሃ መለመን ነው። በጅዳ አነጋገር «ሞያ ሓራ» ይባላል።