ሰርቮዋ ስትነሳ ለኩ

አንድ ተማሪዬ የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን ሠርቶ አመጣልኝ። ሣጥኑ ካርቶን፣ አንጎሉ አርዱዪኖ ኡኖ፣ ሙቀት ለኪው ኤልኤም35 ነው። ሙቀቱ ሲያልፍ ክዳኑን የምትከፍተው ኤስጂ90 የምትባለው ትንሽ ሰማያዊ ሰርቮ ናት። «ቲቸር፣ አልሠራ ብሎኛል፤ እስቲ ኮዱን ይዩልኝ። ሦስት ሌሊት ስጽፍ ስሰርዝ አደርኩ» አለኝ።

ኮዱን አላየሁትም። «ሰርቮዋን ንቀላት» አልኩት። ነቀላት፤ ሁሉም ሰላም ሆነ። መልሶ ሰካት። ገና ክንዷን ስታነሳ፣ ቦርዱ ላይ «ኤል» የተጻፈባት ሚጢጢ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ኡኖ ጠፍቶ ሲነሳ የሚሰጠው ምልክት ይህ ነው።

ልጁ መልቲሜትሩን አውጥቶ 5 ቮልትና ግራውንድ ላይ አሳረፈ፦ 4.96። «ይኸው፣ ኃይሉ ደህና ነው» አለ። ሰርቮዋ ግን በዚያች ሰዓት ቁጭ ብላ ነበር። የዛሬው ትምህርት ይህችው ናት፦ ቮልቴጅ የሚለካው ዕቃው ሥራ ላይ ሳለ፣ ያውም ኃይሉን ከሚበላው ዕቃ እግር ላይ ነው።

ምክንያቱን ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ። የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ፈዘዝ ይላል። ምጣዱ 15 አምፔርና ከዚያ በላይ ሲስብ፣ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ያለው ሽቦ ከቮልቴጁ ላይ የራሱን ይቆርጣል። ምጣዱ ሲነቀል አምፖሉን ብታዩት ምንም አልሆነም።

አሁን ወደ ልጁ ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ እንምጣ። ባለ28 ቁጥር መዳብ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፤ ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 0.42 በሉት። ኤስጂ90 ክንዷ ሲያዝባት 0.7 አምፔር ድረስ ትስባለች። ሁለቱን አባዙ፤ ገመዱ ብቻውን 0.3 ቮልት በላ። ኡኖ ዩኤስቢ መግቢያው ላይ ያለው የ500 ሚሊአምፔር ፊውዝ፣ የላሉት የብሬድቦርድ ቀዳዳዎችም አሉ፤ እነሱም ድርሻቸውን አይተዉም።

«አሁን ክዳኑን ደግፋ ቆማ ሳለ ለካ» አልኩት። 4.6። ስትነሳ ደግሞ ቁጥሩ ለቅጽበት 4.3 ብሎ ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ርካሽ መልቲሜትር ቁጥሩን የሚያድሰው በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ለጥቂት ሚሊሰከንድ የሚቆይ ጉድጓድ ቢኖር አማካዩን እንጂ ታቹን አያሳያችሁም። 4.3 ካያችሁ፣ እውነቱ ከዚያ በታች ወርዷል።

ምን ያህል ቢወርድ ነው ቺፑ የሚወድቀው? ኡኖ ላይ ያለው አትሜጋ328ፒ በ16 ሜጋኸርዝ በትክክል ለመሥራት 3.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ኡኖ ራሱን የሚያጠፋው ግን 2.7 ላይ ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፉ ሰፈር ነው። ቺፑ አልሞተም፣ ጤነኛም አይደለም፤ የማይሆን ነገር ያሰላል፤ እናንተም ኮዳችሁን ስትረግሙ ታድራላችሁ። እኔ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ቦርድ ይሻለኛል፤ ቢያንስ አይዋሽም።

ልጁ ደግሞ ሌላም ችግር ነበረበት። ኡኖ ከሴንሰሩ የመጣውን የሚያነበው ከራሱ 5 ቮልት ጋር እያነጻጸረ ነው። ያ 5 ቮልት 4.6 ሲሆን ሜትሩ ራሱ አጠረ ማለት ነው። እንቁላሉ የሚፈልገው 37.5 ዲግሪ 40.5 ሆኖ ይነበባል። ነገሩን ተከተሉት፦ ሰርቮዋ ክዳኑን ከፍታ ስትይዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ንባቡ ይጨምራል፣ ኮዱም «ገና ሞቃት ነው» ብሎ ክዳኑን እንደተከፈተ ይተወዋል። እንቁላሉ ይበርደዋል።

መድኃኒቱ ለሰርቮዋ የራሷን ምንጭ መስጠት ነው። 5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ወስደን፣ ቀዩን ሽቦ በቦርዱ ሳናሳልፍ በቀጥታ ለሰርቮዋ ሰጠናት። ልጁ የቻርጀሩን ኔጌቲቭ ከኡኖ ግራውንድ ጋር ማገናኘት ረስቶ ሰርቮዋ ተንቀጠቀጠች፤ ሁለቱ የጋራ ግራውንድ ከሌላቸው ትእዛዙን የምትለካበት መነሻ የላትም። አገናኘው፤ ቆመች። አጠገቧ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርን፤ ነጭ መስመር ያለበት እግር ወደ ኔጌቲቭ።

አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪ ለሞተር አትስጡ፤ የውስጥ ተቃውሞዋ ብዙ ስለሆነ ወዲያው ትወድቃለች። 12 ቮልት በክቡ መሰኪያ አስገብቶ ሁሉንም ከቦርዱ መሳብም አያዋጣም፦ በ0.3 አምፔር ብቻ ሬጉሌተሩ 2.1 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በጣት አይነካም።

በኡኖ ፈንታ ኢኤስፒ32 የሚባለው ቦርድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ዋይፋይ ሲልክ ኃይል ቢያጥረው «ብራውንአውት» ብሎ በሲሪያል መስኮቱ ይጽፍላችኋል። አምራቹ ራሱ ቢያንስ 500 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ምንጭ አዘጋጁለት ይላል።

ወደ ልጁ ሣጥን ስንመለስ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ እንደገና ለካን፦ 4.94። ማያው ላይ ያለው ሙቀት ግን 34.5 ይላል፤ ልጁ አጠገቡ ያስቀመጠው የመስታወት ቴርሞሜትር 37.5። ልጁ ትንሽ ዝም አለና አፈረ። «ቲቸር፣ በሁለተኛው ሌሊት ‹3 ቀንስ› የሚል መስመር ጨምሬ ነበር» አለኝ። ላፕቶፑን ከፍቶ መስመሩን አጠፋው።